ማን አረሳት? ክርስቲያናዊ እናትነት፣ ቤተ ዘመድና ጎረቤት በጌዴኦ ታሪክ

ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ገለጻ፣ ሙሉ ቃል

የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

የዛሬው ገለጻ የተወለደው ከአንዲት ተማሪዬ ጥያቄ ነው። ስለ ገባር ሥርዓት ሳስተምር፣ ገባሩ ለባለ ርስቱ ስለሚያርሰው መሬት፣ ስለሚያዋጣው ማርና እህል፣ ስለሚቆርጠው እንጨት በሰፊው አብራራሁ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር እጇን አነሣችና፣ «መምህር፣ የገባሩ ሚስት ስትወልድ እሷን ማን ያርሳት ነበር?» አለችኝ። ተማሪዎቹ ሣቁ። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም።

በአማርኛችን መሬት ይታረሳል፣ ወላድም ትታረሳለች። በአንድ ግሥ ሁለት ሥራ እንጠራለን። የመጀመሪያውን ማረስ ታሪክ ጸሐፊዎች በሚገባ መዝግበነዋል፤ ግብሩን፣ ልኬታውን፣ ሲሶውንና እርቦውን እናውቃለን። ሁለተኛውን ማረስ ግን የመዘገበው የለም። እኔም ዕድሜዬን የፈጀሁት በመጀመሪያው ላይ ነው። ዛሬ ስለ ሁለተኛው ልናገር እወዳለሁ።

የመዛግብቱ ዝምታ ብቻውን አይደለም፤ የቃል ታሪካችንም ስለ ሴቶች ቁጥብ ነው። በጌዴኦና በጉጂ አፈ ታሪክ ስሟ ገንኖ የሚነሣ ሴት አኮ ማኖዬ ናት። ወንዶችን በማይቻል ትእዛዝ ስታስጨንቅ ኖራ፣ በመጨረሻ በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ አስገብተው እንዳጠፏት ይተረካል። የተረቱን ምንጭ ለመመርመር ጊዜው አይበቃንም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሕዝብ በሚያስታውሰው ታሪክ ውስጥ ገዢዋ ሴት ስም አላት፣ ወላዷ ሴት ስም የላትም። የባሌ ሥርዓት የወንዶችን ዕርከን ይቆጥራል፤ በሶንጎ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። እናቲቱን ለማግኘት ከሶንጎ ወጥተን ወደ ጓዳ መግባት አለብን።

ስለዚህ ወደማውቀው ጓዳ ልግባ። የተወለድኩት በይርጋጨፌ አካባቢ፣ በዱመርሶ ነው። የዛሬ ገበያተኛ ዱመርሶን በቡናው ያውቀዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የማስታውሰው የእንሰቱን ጥላና የእናቴን የአራስ ቤት ነው። ታናሽ ወንድሜ የተወለደው ቡና በሚለቀምበት ወራት ነበር። ቀዩ ቡና በዛፉ ላይ የሚጠብቅ ነገር አይደለም፤ ካልተለቀመ ይረግፋል። አባቴ ከማለዳ እስከ ማታ በቡናው ውስጥ ነበረ። እናቴ ግን ከቤት አልወጣችም፣ አልፋቀችም፣ ውኃም አልቀዳችም።

ይህ እንዴት ተቻለ? መልሱ ግማሹ በእንሰቱ ውስጥ አለ። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከደረሰ በኋላም መፋቁ፣ መጭመቁ፣ ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ማብላላቱ ከባድ የሴቶች ሥራ ነው። ነገር ግን አንዴ ከተቀበረ ለወራት ይቆያል። ነፍሰ ጡሯ ወራቷ ሳይገባ የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ይፍቁላት ነበር። የአራሷ ምግብ ልጁ ከመወለዱ በፊት በመሬት ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። የቡላ ገንፎው፣ ቅቤው፣ ወተቱ በየተራ ይመጣል። ዛሬ የፋቀችልኝ ነገ ስትወልድ እኔ እፍቅላታለሁ። ማንም በደብተር አልጻፈውም፤ ማንም ግን አልረሳውም። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ቡናውና ስለ ትልልቅ ዛፎቹ ብዙ ተባለ። ተገቢ ነው። ይሁንና ያ ጥምር እርሻ የቆመው በዚህ የሴቶች የብድር ጉልበት ጭምር እንደ ሆነ መጨመር ይኖርብናል።

የቀረው ግማሽ መልስ ዝምድናው ነው። ጌዴኦ በሰባት ጎሳ የተከፈለ ሲሆን ጋብቻው ከራስ ጎሳ ውጭ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ እናት በባሏ ጎሳ መሬት ላይ የምትኖር እንግዳ ናት። ስትወልድ ግን የእሷ ወገን ይመጣል፤ እናቷ፣ እኅቷ፣ የአጎቷ ሚስት። ሁለቱ ጎሳዎች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩት ያኔ ነው። ሽማግሌዎች በሶንጎ የሚያስሩትን ዝምድና ሴቶቹ በአራስ ቤት ያጠብቁታል።

አሁን ወደ ክርስትናው ልምጣ። ክርስትና ወደዚህ ምድር በሁለት መንገድ ገባ። የመጀመሪያው በ1880ዎቹ መጨረሻ ከምኒልክ ሠራዊት ጋር የመጣችው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ናት። አመጣጧ ከገዢው ጋር ስለ ነበረ የገባሩ ልብ ወዲያው አልቀረባትም። ሆኖም በጓዳ በኩል ሌላ ነገር ይዛ መጣች። በምጥ ጊዜ ሴቶች ማርያምን የሚጠሩበትን ልማድ፣ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን ክርስትና መነሣትን፣ የክርስትና እናትና የክርስትና አባት የሚባል፣ ከሥጋ ያልሆነ ዝምድናን። አስቡት፤ ልጁን ከማይዛመደው ቤት ጋር ለዕድሜ ልክ የሚያስተሳስር ሥርዓት ነው።

ሁለተኛው መንገድ የወንጌላውያኑ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1941 ዓ.ም. የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮን ሰዎች ወደ ዲላ መጡ። መልእክቱን ወደየመንደሩ በማዳረስ የወላይታ ወንጌላውያን ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ዘመኑ ለጭሰኛው መራራ ነበር። ባለ ርስቱ ከቡናው የሚወስደው ድርሻ ያስመረራቸው ገበሬዎች በ1952 ዓ.ም. በሚቺሌ ጦርና ገጀራ ይዘው እስከ መነሣት ደረሱ፤ ብዙዎችም ወደቁ። መሬት ለአራሹ የሆነው በ1967ቱ አዋጅ ነው። በእነዚያ ዓመታት ጸሎት ቤቶቹ የተስፋፉት ስለ ስብከቱ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ባል የሞተባትን ሴት እንሰት የሚተክልላት፣ የታመመችን እናት ተሸክሞ ወደ ክሊኒክ የሚያደርስ ጉባኤ ስለ ተገኘም ነው። ቀድሞ በጎሳ የተወሰነው «የእኛ ሰው» የሚለው ቃል ሰፋ።

ወደ እናቴ የአራስ ቤት ልመለስ። ወቅቱ የደርግ ዘመን ነበር፤ በደቡብ ብዙ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች የተዘጉበት። የእኛም ሰፈር ጸሎት ቤት ተቆልፎ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ ቤታችን በየምሽቱ በሰው ይሞላ ጀመር። ሴቶቹ እንሥራና ቅል ይዘው ይመጣሉ፤ ወንዶቹ በኋላ በር ይገባሉ። ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ይጸለያል። እኔ ሕፃን ነበርኩና ሁሉም አራስ ቤት እንዲህ ያለ ይመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ነው የገባኝ። አራስ ለመጠየቅ ማንም የስብሰባ ፈቃድ አይጠይቅም። የቀበሌው ሰው እንኳ ከአራስ ደጅ ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ጉባኤው የተረፈው በወላድ አልጋ ዙሪያ ነው። የዚያን ዘመን ታሪክ ስንጽፍ የታሰሩትን ወንጌላውያን በስም እንዘረዝራለን፣ ይገባቸዋልም። ቤቷን የከፈተችውን አራስ ግን ማን ጻፋት?

ሌላም አስታውሳለሁ። ከሚጠይቋት መካከል አያት ቅድመ አያታቸው ከሰሜን የመጡ አንዲት የኦርቶዶክስ እናት ነበሩ። ገንፎ ይዘው ገቡና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት። እናቴ በእምነቷ እንዲያ አትልም ነበር። ፈገግ ብላ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማማ» አለች። ገንፎውንም በላች። በሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት መካከል የነበረው ክርክር በዚያች ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ቀረ።

እስካሁን የተናገርኩት የምንኮራበትን ነው። ታሪክ ግን ውዳሴ ብቻ አይደለም። በዚያው ሰፈር፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ ባል የሌላት አንዲት ወጣት ወለደች። ስሙን የማልጠቅሰው ጉባኤ አገዳት። ለእናቴ እንሰት የፋቁት እነዚያው እጆች ለእርሷ አልፋቁም። እናቴም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ደጇን የረገጠችው አያቴ ብቻ ናት፤ እርሷም የምትሄደው ሲመሽ፣ ቅሉን ከነጠላዋ ሥር ደብቃ ነበር። ሕፃኑ አልቆየም። ምክንያቱን አላውቅም፤ ብርድ ይሁን ረኃብ የጠየቀ አልነበረም። እናቴ በእርጅናዋ ይህን አንሥታ አልቅሳልኛለች። በብዙ ጉባኤዎች ከአንድ በላይ ሚስት በነበረበት ቤት ኋለኛዪቱ ሚስት ከነልጆቿ የወደቀችበትን ክፍተትም እንዲሁ ልንመረምረው ይገባል። አንድ ኅብረት ማንን እንደሚያርስ ስናጠና፣ ማንን ሳያርስ እንደ ተወም መጠየቅ ግዴታችን ነው።

በሕይወታችን ያየነው ትልቁ ፈተና በ2010 ዓ.ም. መጣ። በሚያዝያና በሰኔ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ከሁለቱም ወገን ከ800,000 በላይ ሰው ተፈናቀለ። ጌዴብ፣ ኮቸሬ፣ ይርጋጨፌና ዲላ በሰው ተጥለቀለቁ። ትምህርት ቤቶች፣ ያልተጠናቀቁ ሕንፃዎችና አብያተ ክርስቲያናት መጠለያ ሆኑ። ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ከመካከላቸው ነበሩ። የእርዳታ መኪና ከመድረሱ በፊት ቆጮ ያቀረበው፣ ለአራሷ ጥግ የለቀቀው ጎረቤት ነው። ዘመድ ያለው ዘመዱ ቤት ገባ፤ በአንድ ጎጆ ሦስት አራት ቤተሰብ አደረ። ነገር ግን ልንሸሽገው የማይገባ እውነት አለ። ጌዴኦ ሰው የበዛበት፣ መሬቱ የጠበበ አገር ነው። ሳይደርስ የተነቀለው እንሰት የመጪው ዓመት ምግብ ነበር። ያስተናገዱት እናቶች ከራሳቸው ልጆች ጉሮሮ ነው የሰጡት። የሁለቱ ሕዝቦች ሽማግሌዎች በጎንዶሮ ሥርዓት ዕርቅ ሲያወርዱ፣ ይህ ዕዳ የሚቆጠርበት ቦታ አልነበረም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለመንግሥት እንተወው? መንግሥት የሠራውን መካድ አይቻልም። የሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት በ1992 ዓ.ም. በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች 5 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 26 በመቶ ደርሰዋል። ከ100,000 ሕያው ወሊድ የሚሞቱት እናቶች በተመሳሳይ ጊዜ ከ871 ወደ 412 ወርደዋል። የጎረቤት ፍቅር የሚፈስ ደምን አያቆምም፤ አዋላጅ ነርስ ግን ታቆማለች። በሌላ በኩል የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ዕረፍት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። በዱመርሶ ቡና የምትለቅም እናት አሠሪ የላትም፤ አዋጁ አያገኛትም። የእርሷ የወሊድ ፈቃድ እስከ ዛሬ የጎረቤቶቿ እጅ ነው። ያ እጅ ደግሞ እየሳሳ ነው። ልጆች ወደ ዲላ፣ ሐዋሳና አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ በኪራይ ቤት የምትወልደው ልጃችን እናቷን በስልክ ትጠይቃለች።

ሉቃስ እንደሚተርከው ማርያም ፀንሳ ሳለ ወደ ተራራማው አገር፣ ወደ ዘመዷ ኤልሳቤጥ ቤት ሄዳ ሦስት ወር ያህል ተቀምጣለች። ሰባኪዎቻችን ስለ ሰላምታው ብዙ ይናገራሉ። እኔ እንደ ታሪክ ተማሪ ስለ ሦስቱ ወር አስባለሁ። የምትጠረጠር ወጣትና ያረጀች ነፍሰ ጡር በአንድ ቤት ተጠጋግተዋል። በዚያ ቤት ማንም በማታ ቅል ደብቆ አልመጣም።

ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ እሰጣለሁ። ለበዓል ወደ ቤት ስትሄዱ እናቶቻችሁን፣ «እኔን ስትወልጂ ማን አረሰሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስሞቹን ጻፉ፤ ያልመጡትንም ጻፉ። እዚህ ለተገኛችሁ የሃይማኖት አባቶችም አንድ ልመና አለኝ። በየጉባኤያችሁ ዛሬ ደጇ ያልተረገጠ አራስ እንዳለች እስከ እሑድ ድረስ አስጠይቁልኝ።

እናቴ ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ያቺን ተማሪ ዛሬ በአዳራሹ አይቻታለሁ። ልጄ፣ ለጥያቄሽ ያገኘሁት መልስ እስካሁን ይህን ያህል ነው።