«ዶክተር» የሚለው ስም በአማርኛ፦ አመጣጡና ሰዋስዉ

ላቲን ለአዘዞ ፈጽሞ እንግዳ ቋንቋ አይደለም። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ሱስንዮስ በዚያ ገነተ ኢየሱስን ባሠሩበት ዘመን የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት በአካባቢው ነበሩ። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት ሲመልሱ ግን የላቲኑ ዘመን አበቃ። ዛሬ ከአዘዞ ሕሙማን አፍ የሚሰማው «ዶክተር» የደረሰው እጅግ ዘግይቶ፣ በሌላ መንገድ ነው።

ቃሉ የሚወጣው «ዶኬሬ»፣ ማለትም ማስተማር፣ ከሚለው የላቲን ግሥ ነው፤ አድራጊውን የሚያመለክተው «ቶር» ሲታከልበት መምህር ማለት ይሆናል። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ነገረ መለኮትን፣ ሕግንና ሕክምናን ለማስተማር ለበቃ ሰው የሚሰጥ ማዕረግ ነበር፤ የፈዋሽነት ትርጉም የተጫነበት ኋላ ነው። ጣልያኖች «ዶቶሬ» ይላሉ። ጎንደር እስከ ኅዳር 1941 (እ.ኤ.አ.) በእጃቸው ብትቆይም፣ «መኪና»ንና «ፋብሪካ»ን የተወልን ቋንቋቸው ይህን ቃል አልሰጠንም፤ ከመካከሉ ያልጠፋችው «ክ» ምንጩ እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ እንደ ሆነ ትመሰክራለች።

አማርኛ ቃሉን ሲቀበል የላቲኑን ብዙ ቁጥር «ዶክቶሬስ»ን ትቶ «ዶክተሮች» አለ። ስሙ ራሱ ሳይለወጥ ጾታው በመድረሻውና በግሡ ይታወቃል፦ ዶክተሩ መጣ፣ ዶክተሯ መጣች። «ዶክተር መጡ» ሲባል ግን አክብሮቱ ጾታውን ይሸፍነዋል። ይሁንና ቃሉ ግሥ አልወለደም። ከዐረብኛ ጋር የምንጋራው «ሐኪም» አከመ፣ ታከመ፣ ታካሚ፣ ሕክምና እየተባለ ይረባል፤ ከ«ዶክተር» ግን «ዶክተርነት» ከማለት በቀር ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ሕመምተኛው የሚጠራው «ዶክተር» ብሎ ቢሆንም የሚሄደው ሐኪም ቤት ነው። በጎንደር ተወልደው እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱትና በህንድ ሕክምና የተማሩት ወርቅነህ እሸቴም እስከ ዛሬ «ሐኪም ወርቅነህ» ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በመጀመሪያ ያሠለጠነው ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን እንጂ ዶክተሮችን አልነበረም። ሕመምተኛው ግን ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ይላል። ይህ እንደ ቀላል ነገር ሊታለፍ አይገባም፤ ሕመምተኛው ማን እንዳከመው ሳያውቅ ይመለሳል፣ የጤና መኮንኑም ድካም በሌላ ሙያ ስም ይቆጠራል። በሌላ በኩል የቃሉን ጥንታዊ ፍቺ ከያዝን፣ ስለ ንጹሕ ውኃና ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ በየመንደሩ እየዞረ ያስተምር የነበረው ሳኒታሪያን ለ«ዶክተር» ከማንም ይልቅ ይቀርባል።