ከአጥሩ ማዶ የመጣው በገና

በ1950ዎቹ አጋማሽ እንጦጦ ላይ አንድ አለቃ ቤት ቀየሩ። አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ይባላሉ፤ በገና በመደርደር ስማቸው የተጠራ ሊቅ ናቸው። አዲሱ ቤታቸው የአንድ የ12 ዓመት ልጅ ቤተሰብ ጎረቤት ሆነ። ልጁ ዓለሙ አጋ ነው። ሰው ቤት ይቀይራል፣ ጎረቤት ይለወጣል፤ ነገሩ ሲታይ ተራ ነው። ከዓመታት በኋላ በገና ከመጥፋት አፋፍ ደርሶ ሲመለስ ግን መሣሪያውን ካሻገሩት ጥቂት እጆች አንዱ የዚያ ልጅ እጅ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያቀደ ሚኒስቴር አልነበረም፤ በጀት የመደበም የለም። ሁለት ቤቶች አጠገብ ለአጠገብ ሆኑ፣ በቃ።

(ከዚህ በታች እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

እንጦጦ ለበገና እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ሳትቆረቆር በፊት የዳግማዊ ምኒልክ መናገሻ እዚያ ተራራ ላይ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በ1882 በእንጦጦ ማርያም ነው። እቴጌ ጣይቱ ራሳቸው በገና ይደረድሩ እንደነበር ይነገራል። በገና የመኳንንትና የሊቃውንት መሣሪያ ነው፤ ወይዛዝርትም ይማሩት ነበር። ማሲንቆ የያዘው አዝማሪ ሠርግና ጠጅ ቤት ሲዞር፣ ሲፈለግ ተሸልሞ ሳይፈለግ ተንቆ ሲኖር፣ በገና ደርዳሪ የሚከበር ሰው ነበር። ክራር ደግሞ ይባስ ብሎ የሰይጣን መሣሪያ የሚል ስም ወጣለት። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ክራር ያሳተሙት ጥናት ርእስ ላይ ይኸው ስም ሰፍሯል። ክራርና በገና ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው። አንዱን ለእግዚአብሔር፣ ሌላውን ለሰይጣን ያካፈለው ሰው ነው።

በትውፊት በገና ከኢየሩሳሌም የመጣው ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ነው፤ ንጉሥ ዳዊት ሳኦልን ያጽናናበት መሣሪያ ነው ይባላል። አሥሩ አውታሮቹ ዐሠርቱ ትእዛዛትን፣ ሁለቱ ምሰሶዎቹ ሚካኤልንና ገብርኤልን ይወክላሉ የሚል ትርጓሜም አለ። የታሪክ ተመራማሪ በእጁ የሚይዘው ማስረጃ ከዚህ ያጥራል፤ በገና በብራና ሥዕሎቻችን ላይ መታየት የሚጀምረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ያም ቢሆን ትንሽ ዕድሜ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በገና የቅዳሴ መሣሪያ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያገለግሉት ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ናቸው። በገና የቤት ጸሎት ነው፤ ሰው ብቻውን ወይም ከጥቂት ሰዎች ጋር ተቀምጦ፣ በተለይ በዐቢይ ጾም ዘፈኑ ሁሉ ሲታገድ፣ በዝግታ የሚደረድረው። ግጥሙ ስለ ሞት ነው፣ ስለ ዓለም ከንቱነት፣ ስለ ንስሐ፣ ስለ እመቤታችን። ሰምና ወርቅም ይገባበታል፤ ስለዚህ አድማጩ ቸኩሎ የሚሰማው ነገር አይደለም።

ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው መሣሪያው የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። አውታሮቹ በሚያርፉበት በበርኩማውና በእያንዳንዱ አውታር መካከል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል፤ እንዝራ ይባላል። አውታሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካካ ይነዝራል፤ ከንብ ቀፎ እንደሚወጣ ያለ ወፍራም፣ ሻካራ ድምፅ ይሰጣል። እንዝራው ጥቂት ከተንሸራተተ ድምፁ ይሞታል፤ ሁሉንም ማስተካከል ትዕግሥት የሚጨርስ ሥራ ነው። በሌላው የዓለም ጫፍ፣ በኖርዌይ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብላክ ሜታል የሚባለውን ሙዚቃ ይዘው የተነሡ ወጣቶች የጊታራቸውን ድምፅ በኤሌክትሪክ እያሻከሩ ስለ ሞትና ስለ ጨለማ ዘፈኑ፤ ከመካከላቸው ቤተ ክርስቲያን ያቃጠሉም ነበሩ። የኛም ደርዳሪ በሻከረ ድምፅ ስለ ሞት ነው የሚያዜመው። እሱ ግን ሞትን የሚያነሣው ንስሐ ለመግባት ነው።

በጣት ሲደረደር ሁሉም አውታር አይጮህም። ዓለሙ አጋ ከአሥሩ የሚመቱት 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን፣ 8ኛውንና 10ኛውን ነው። የቀሩት አራቱ ጣት ከመታ በኋላ የሚያርፍባቸው ናቸው። ይህ ከመጽሐፍ የሚገኝ ትምህርት አይደለም። ተማሪው መምህሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ ጣታቸውን እያየ፣ እየተሳሳተና እየታረመ የሚቀስመው ነው። አለቃ ተሰማ ከአጥር ማዶ መሆናቸው ትርጉሙ እዚህ ላይ ነው።

ዓለሙ አጋ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1950 እዚያው እንጦጦ ነው። ዘመኑ ጃንሆይ ዘመናዊ ትምህርትን ያስፋፉበት ነበርና እሳቸውም በዚያ መንገድ ሄዱ፤ በዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ጂኦግራፊ ነው። አንድ እግር በአለቃው ጉባኤ፣ አንድ እግር በዩኒቨርሲቲ። የዚያ ትውልድ ብዙ ልጆች እንዲህ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ግን ወደ ዩኒቨርሲቲው ያዘነበለው እግር አሸነፋቸው። ዓለሙ በገናውን አልጣሉም።

እ.ኤ.አ. 1972 ለእሳቸው ትልቅ ዓመት ነው። የሙዚቃ ተመራማሪዋ ሲንቲያ ሴ ኪምበርሊን ለዩኔስኮ የሙዚቃ ስብስብ ድምፃቸውን ቀዳች፤ የመጀመሪያው ቅጂያቸው ይህ ነው። ዕድሜያቸው ገና 22 አካባቢ ነበር። በዚያው ዓመት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገናን በመደበኛነት ማስተማር ጀመረ፤ ዓለሙም መምህር ሆኑ። በቤትና በደጅ ሲተላለፍ የኖረ ሙያ ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን ክፍል ተሰጠው፤ የመማሪያ ሰዓት ወጣለት። ያን ጊዜ የበገና የወደፊት ዕጣ ይህ መስሎ ይታይ ነበር።

የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። በዚያው ዓመት የካቲት የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ወሰደ። በ1968 ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1971 ተገደሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ የበገና ነገር ለማን ይታሰበዋል? ፓትርያርክ በሚገደልበት አገር ስለ ጣት አጣጣል ማዘን ራሱ ቅንጦት ይመስላል። ምናልባትም የበገና ዝምታ በታሪካችን ውስጥ ብዙ ያልተጻፈለት ለዚህ ይሆናል፤ ከጎኑ የነበረው ደም በዝቶ ሸፈነው።

ሥርዓቱ በገናን ከሬዲዮ አራቀው። ሃይማኖታዊ ስለሆነ አንድ ጥፋት፣ የመኳንንት መሣሪያ ስለሆነ ሁለተኛ ጥፋት። ደርግ ሙዚቃ ይጠላ ነበር ማለት ግን አይደለም። ቀበሌውና ከፍተኛው ሁሉ የኪነት ቡድን ያቋቋመበት ዘመን ነው፤ ከበሮው፣ ክራሩ፣ ማሲንቆው ለአብዮቱ ተሰልፏል። ትናንት የሰይጣን መሣሪያ የተባለው ክራር ዛሬ የሰፊው ሕዝብ መሣሪያ ሆነ። በገና ግን ለሰልፍ አይሆንም። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል፣ ተቀምጠው ነው የሚደረድሩት፣ ድምፁ ከክፍሉ ብዙ አያልፍም፣ ግጥሙም ባለሥልጣኑን ጨምሮ ሁሉም ሟች ነው ይላል። እንዲህ ያለውን መሣሪያ በየትኛው የአብዮት በዓል ላይ ያቀርቡታል?

ዓለሙ በትምህርት ቤቱ ሰባት ዓመት ያህል ካስተማሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1980 ሥራቸውን ለቀቁ። ፒያሳ ሱቅ ከፈቱ። ስለ እሳቸው በሚጻፉ አጫጭር የሕይወት ታሪኮች ይህች ሱቅ አንድ ሐረግ ተሰጥቷት ትታለፋለች፤ ከዩኔስኮ ቅጂ ወደ ፈረንሳይ አልበም መዝለል ይቀላል። በመሐል ያለው ግን ከአሥር ዓመት በላይ ነው። የጂኦግራፊ ምሩቅ፣ የበገና ሊቅ፣ የከፍተኛ ትምህርት ቤት መምህር የነበረ ሰው ደንበኛ እየጠበቀ የኖረበት ዘመን። ለውርደት የሚቆጥረው አለ፤ ስሕተት ነው። ነጋዴ ሆኖ የሚበላ ሰው በገናውን ለማንም ብሎ አይደረድርም፤ ለሹመት፣ ለመድረክ፣ ለኪነት ቡድን ብሎ ግጥም አይለውጥም። የሥርዓቱ ደመወዝተኛ ሆነው የቆዩ ብዙ ጥሩ ሙዚቀኞች ይህ ዕድል አልነበራቸውም፤ የታዘዙትን ዘፍነዋል፤ አይፈረድባቸውም። የአለቃ ተሰማ ድርደራ ሳይጎድል የተሻገረው ግን መድረክ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ነው።

ዋጋ አልተከፈለበትም ማለት አይደለም። መምህር በሌለበት ክፍል ተማሪ አይወጣም። በ1967 የ12 ዓመት የነበረ የእንጦጦ ልጅ በ1983 ጎልማሳ ሆኗል፤ በመካከሉ በገና በሬዲዮ አልሰማም። ሙያው ከመምህር ወደ ተማሪ የሚሄድ ከሆነ፣ አንድ ትውልድ መዝለል ማለት ገመዱን ከመሐሉ መቁረጥ ማለት ነው። አረጋውያኑ ደርዳሪዎች ደግሞ አይጠብቁም፤ የያዙትን ይዘው ያልፋሉ።

ደርግ በግንቦት 1983 ከወደቀ በኋላ ዓለም ዓለሙን ፈልጎ መጣ። በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ፓሪስ በሚታተመው ኢትዮፒክስ የተባለ ተከታታይ 11ኛው ቅጽ የእሳቸው ብቻ ነው፤ የንጉሥ ዳዊት በገና የሚል ርእስ ተሰጥቶታል። በማህሙድ አህመድ ዘፈን ተከታታዩን የለመደ የውጭ አድማጭ ድንገት አንድ ሰው፣ አንድ መሣሪያና ብዙ ዝምታ ገጠመው። ውጭ አገር እየተጋበዙ መድረክ ላይ ደረደሩ። ቤልጂጋዊቷ ተመራማሪ ስቴፋኒ ቫይሰር በገናን የዶክትሬት ጥናቷ አደረገችው። የሚያስቆጭ ነገር አለበት፤ ለተወሰኑ ዓመታት የእንጦጦውን በገና ፓሪስ ሱቅ ገብቶ መግዛት እንጦጦ ላይ መምህር ፈልጎ ከመማር ይቀል ነበር።

አገር ውስጥ ጥማቱ የተነሣው ዘግየት ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የማታ የበገና ትምህርት ይሰጣል፤ ከሥራ የወጣ የቢሮ ሠራተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ነጋዴ ሁሉ ይመዘገባል። እንደ ሥዩም መንግሥቱ፣ ታፈሰ ተስፋዬና ሶስና ገብረ ኢየሱስ ያሉ ደርዳሪዎች ስም በአድማጭ ዘንድ ታወቀ። ዛሬ ጾም ሲገባ በገና ከታክሲው፣ ከሱቁ፣ ከስልኩ ይሰማል። ዓለሙ አጋንም መጋቤ ስብሐት እያለ የሚጠራቸው ብዙ ነው።

የተመለሰው ግን ያው የሄደው ነው ወይ? ሙሉ በሙሉ አይመስልም። ብቻውን ተቀምጦ ለራሱ ያለቅስ የነበረ ሰው አሁን በድምፅ ማጉያ ፊት፣ በብዙ ሰው መካከል ይደረድራል። በገና በቡድን ሲመታም ይታያል። በጥሩነቱ የሚወስደው አለ፤ መሣሪያው ከመኳንንት ቤት ወጥቶ የሁሉም ሆነ፣ ሴቶችም እንደ ጥንቱ በብዛት ያዙት። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ማጉያው መጀመሪያ የሚያጠፋው ለስላሳውን ነገር ነው፤ በገና ደግሞ ብዙው ነገሩ እዚያ ለስላሳው ውስጥ ነው ያለው። በጥቂት ወር ኮርስ የሚሰጥ ወረቀትም አለቃ ተሰማ ለጎረቤታቸው ልጅ ከሰጡት ጋር አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጥም።

እንጦጦ ራሱ ተለውጧል። ከ2013 ወዲህ ባሕር ዛፉ መሐል መናፈሻ ተሠርቶለት በሰንበት መኪናው ሽቅብ ይሰለፋል። የበገና ተማሪውም ተለውጧል፤ ከመምህሩ ቤት ይልቅ ስልኩን ከፍቶ ቪዲዮ እያየ የሚጀምረው እየበዛ ነው። ዜማውን ይይዘዋል፣ ግጥሙንም ይይዘዋል። ከዚያ ቆዳውን ከአውታሩ ሥር ያስገባና ይመታዋል፤ አይነዝርም። ጥቂት ወደ ላይ ይገፋዋል፣ አሁንም አይነዝርም። የሚቀጥለውን ከስልኩ አያገኘውም፤ ጣቱን ይዞ የሚያሳየው ሰው መፈለግ አለበት።