የቂርቆስ መታሰቢያዎችና የገንዘባቸው ምንጭ

ስለ አዲስ አበባ የታሪክና የጥበብ ማሳያ ስፍራዎች ሲጻፍ ሕንፃዎቹና ቅርሶቹ በሰፊው ቢወሱም ወጪያቸውን ማን እንደሸፈነ እምብዛም አይጠየቅም፤ ዛሬ «ግራንት» የሚባለው፣ ማለትም ሰጪው እንዲመለስለት ሳይጠይቅ ለተወሰነ ዓላማ የሚያውለው የገንዘብ ድጋፍ፣ ከመለመዱ በፊት ግን በዛሬው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ታላላቅ ግንባታዎችን የሚደግፈው ቤተ መንግሥቱ ነበር።

ለዚህ የአፍሪካ አዳራሽ ዋና ማስረጃ ነው። አርክቴክቱ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፉትንና በጥር 1953 ዓ.ም. የተመረቀውን ይህን ሕንፃ ለተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ያበረከቱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲሆኑ፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት መለያው ሆኖ ቆይቷል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ እድሳት ሲያስፈልገው ግን እስከ 56.9 ሚሊዮን ዶላር የሚደርሰውን ወጪ የፈቀደው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ አዳራሹም በ2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ።

ከዚያ ብዙም በማይርቀው መስቀል አደባባይ የሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አመሠራረት ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። ቀይ ሽብር የሚባለው ወታደራዊው መንግሥት ደርግ በተለይ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ተቃዋሚዎቼ ናቸው ያላቸውን በጅምላ ያሰረበትና የገደለበት ዘመቻ ሲሆን፣ የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ደም መሰል ፈሳሽ የሞሉ ጠርሙሶችን ሰብረው የፎከሩትም ያኔ አብዮት አደባባይ ይባል በነበረው በዚሁ ስፍራ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው ሙዚየም የተሠራው ከሞት የተረፉትና የሟች ቤተሰቦች በማኅበር ተደራጅተው ባሰባሰቡት መዋጮ ነው፤ የመግቢያ ዋጋ አያስከፍልም፣ ጎብኚ በፈቃዱ በሣጥን የሚጥለውን ይቀበላል፣ ካስጎብኚዎቹም መካከል በእስሩ ያለፉ ሰዎች ነበሩ። ቤተሰቦቹ ከገንዘቡ በላይ የሟቾቹን ፎቶግራፍና ልብስ መስጠታቸው ሲታሰብ፣ የትኛውም ለጋሽ ድርጅት ሊተካው የማይችል ድጋፍ እንደነበር መናገር ማጋነን አይሆንም።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች በተሠሩ ቤቶች የተጀመረው የቂርቆሱ ሰፈር ካዛንቺስ ደግሞ በአዝማሪ ቤቶቹ ሲታወቅ ኖሯል። በእነዚህ ቤቶች አድማጩ በአዝማሪው ግንባር ላይ ብር የሚለጥፍበት «ሽልማት» የተባለ ልማድ ነበረ፤ ማመልከቻም ሆነ የሥራ ሪፖርት የማይጠይቅ፣ ጨዋታው ባማረበት ቅጽበት የሚከፈል ድጋፍ ነው። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ለዓመታት በሽልማት ያደረበትን ፈንዲቃ የተባለ አዝማሪ ቤት በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተረክቦ ኋላ የሥዕል ማሳያ ያለው የባህል ማዕከል አደረገው፤ ይሁንና የሰፈሩ ነባር ቤቶች በ2017 ዓ.ም. ለመልሶ ማልማት ሲነሡ ፈንዲቃም ፈረሰ።

የዛሬው ግራንት አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዐውደ ርዕይ ወይም ለአንድ መጽሐፍ የሚሰጥና ጊዜው ሲያልቅ የሚቆም በመሆኑ፣ የማሳያ ስፍራን ዕድሜ የሚወስነው ከገንዘቡ ይልቅ የቦታው ይዞታ ነው፤ ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ የከተማ ቦታ የመንግሥት ስለሆነ ደግሞ ይህን ዋስትና ሊሰጥ የሚችል ለጋሽ የለም፣ የሚችለው መንግሥት ብቻ ነው።