ጎተራው የማን ነው?

ስለ አውሮፓ ፖለቲካ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ምርጫው፣ ፓርላማው፣ የስደተኛው ጉዳይ ነው። እኔ ግን የተማርኩት ኢንጂነሪንግ፣ የምተዳደረውም ኮድ በመጻፍ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ዓይኔ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው፦ መጋዘን ላይ። ጋዙ የት ተቀመጠ? አንድ የኃይል ማመንጫ ድንገት ሲቆም ከተማውን ምን ይይዘዋል? የመንግሥት ደብዳቤ የተጻፈበት ፋይል የሚከፈተው በማን ፕሮግራም ነው? ለየቅል የሚመስሉ ጥያቄዎች ናቸው። በእኔ እምነት ግን ሦስቱም አንድ ጥያቄ ናቸው፦ ጎተራው የማን ነው?

ይህን በሦስት የጀርመን ታሪኮችና በአንድ የባልቲክ ታሪክ ላሳያችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብቻዋን የቀረች ከተማ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በርሊን ስትከፋፈል፣ ምዕራቡ ክፍል በሶቪየት ቀጠና መሀል ደሴት ሆኖ ቀረ። በሰኔ 1948 ሶቪየቶች የመኪናውን መንገድ፣ ባቡሩንና የውሃውን መስመር ዘጉት። አሜሪካኖችና እንግሊዞች ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋውን ሕዝብ ለአንድ ዓመት ገደማ በአውሮፕላን ቀለቡት። የዚያ አየር ድልድይ ፎቶዎች የሚያሳዩን ብዙ ጊዜ ዱቄትና ወተት ነው፤ በክብደት ትልቁ ጭነት ግን የድንጋይ ከሰል ነበር። ከተማዋ የሚያስፈልጋት ምግብ ብቻ ሳይሆን መብራትም ነበርና። እንዲያውም በኋላ በከንቲባው በኤርንስት ሮይተር ስም የተሰየመው የኃይል ማመንጫ ሲሠራ፣ ከማሽኖቹ ክፍሎች ብዙዎቹ የገቡት በአውሮፕላን ተጭነው ነው።

በ1952 ምሥራቁ ወደ ምዕራብ በርሊን የሚገባውን ኤሌክትሪክ ቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ለአርባ ዓመት ያህል ከማንም መረብ ጋር ሳትገናኝ፣ የራሷን መብራት ራሷ እያመነጨች ኖረች።

ይህ ለምን ከባድ እንደሆነ ለመረዳት ቃሬዛን ማሰብ ይበቃል። መንገድ በሌለበት ገጠር በሽተኛ በቃሬዛ ሲወሰድ፣ ተሸካሚው ሃምሳ ሰው ቢሆንና አንዱ ቢደናቀፍ በሽተኛው ምንም አይሰማውም። ተሸካሚው አራት ሰው ከሆነና አንዱ ከወደቀ ግን ቃሬዛው ያዘነብላል። የኤሌክትሪክ መረብም እንዲሁ ነው። በአንድ መረብ ላይ ያሉ ጄኔሬተሮች ሁሉ በአንድ ምት፣ አውሮፓ ውስጥ በ50 ኸርዝ፣ አብረው ይሽከረከራሉ። ትልቅ መረብ ላይ አንድ ማመንጫ ቢወጣ መቶዎቹ ሸክሙን ይካፈሉታል። ምዕራብ በርሊን ውስጥ አንድ ማመንጫ ቢወጣ ግን ምቱ ወዲያው ይወርዳል፤ በሰከንዶች ውስጥ የሚደግፍ ካልተገኘ ከተማው ይጨልማል።

የከተማዋ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ቤቫግ መጀመሪያ የያዘው መፍትሔ ማመንጫዎቹን በግማሽ ጉልበት እያሠሩ ማቆየት ነበር። ልክ ሞተሩ ተነስቶ ቆሞ እንደሚጠብቅ መኪና ማለት ነው፤ የትም ሳይሄድ ነዳጅ ይበላል። በኋላ ግን ሌላ ነገር ሞከሩ። በ1986 በሽቴግሊትስ ሰፈር፣ አንድ አዳራሽ ሙሉ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ደረደሩ። ማንም ሰው መኪናው ውስጥ የሚያውቀው ዓይነት ባትሪ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ከ7,000 በላይ ሴሎች መኖራቸው ነው። ኃይሉ 17 ሜጋዋት፣ የሚይዘው 14 ሜጋዋት-ሰዓት። በጊዜው በዓለም ላይ ከነበሩት ትልልቅ ባትሪዎች አንዱ ነበር።

ቁጥሩን አካፍላችሁ ስታዩት፣ ባትሪው ሙሉ ጉልበቱን ቢሰጥ የሚቆየው 50 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ታዲያ 50 ደቂቃ ምን ይሠራል? ብዙ ነገር። ባትሪ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል፤ እሱ ቃሬዛውን ሲይዝ ሌላው ተሸካሚ ከቤቱ ወጥቶ ይመጣል። ያ አዳራሽ ከተማዋን ከምሥራቁ አላላቀቃትም፣ ግንቡንም አላፈረሰም። የሰጣት ጊዜ ነው። የማከማቸት ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ጎተራ ድርቅን አያስቀርም፣ እስከሚቀጥለው ዝናብ ያደርሳል እንጂ።

የታሪኩ መጨረሻ ደግሞ ደስ ይላል። ግንቡ ከመፍረሱ በፊት፣ በ1988፣ ሁለቱ ጀርመኖች ምዕራብ በርሊንን ከምዕራቡ መረብ የሚያገናኝ የኤሌክትሪክ መስመር ውል ተፈራረሙ። መስመሩ ተጠናቆ ከተማዋ ከምዕራብ አውሮፓ መረብ ጋር የተገናኘችው በታኅሣሥ 1994 ነው። ባትሪው ያኔ ሥራ ፈታ። ዛሬ ያ ሕንፃ የኃይል ሙዚየም ነው።

የተሸጠ ጉድጓድ

የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ጉድጓድ ቆፍሮ ከመሬት በታች እንደሚያኖረው፣ ጀርመኖችም ጋዛቸውን ከመሬት በታች ያኖራሉ። በኒደርዛክሰን ግዛት ሬደን የምትባል ትንሽ ቦታ አለች። ከላይ የሚታየው ቧንቧና የመጭመቂያ ማሽን ነው፤ ከታች ግን ጋዙ ወጥቶ ያለቀ የድሮ የጋዝ ጉድጓድ አለ። በበጋ ጋዝ ሲረክስ መልሰው ይሞሉታል፣ በክረምት ያወጡታል። ወደ 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ይህ ከጀርመን አጠቃላይ የጋዝ ማከማቻ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው።

በ2014 ሩሲያ ክሪሚያን ያዘች። በ2015 ደግሞ የጀርመኑ ባስፍ፣ ቪንተርሻል በተባለው ልጅ ኩባንያው በኩል፣ የጋዝ ንግዱንና ማከማቻውን፣ ሬደንን ጨምሮ፣ ለሩሲያው ጋዝፕሮም አስረከበ። በምላሹ ሳይቤሪያ ውስጥ ካሉ የጋዝ ጉድጓዶች ድርሻ አገኘ። የዓመቶቹን ቅደም ተከተል ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ክሪሚያ፣ ቀጥሎ ሽያጩ። የበርሊን መንግሥትም አላገደውም። በዚያን ጊዜ የነበረው አስተሳሰብ ግልጽ ነው፦ ጋዝ ሸቀጥ ነው፣ ማከማቻም የሸቀጥ መጋዘን ነው፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን ትርፍ ስለሚፈልግ ይሞላዋል።

በ2021 መከር ላይ ሬደን ከአሥር በመቶ በታች ነበር። ባለቤቱ አልሞላውም። ሕግ አልጣሰም እኮ! ሙላ የሚል ሕግ አልነበረም። በየካቲት 2022 ሩሲያ ዩክሬን ውስጥ ሙሉ ጦርነት ስትጀምር፣ የጀርመን ትልቁ ጎተራ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። በሚያዝያ መንግሥት የጋዝፕሮምን የጀርመን ቅርንጫፍ በአደራ ተረከበው። በበጋው የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች ማከማቻቸውን እስከ ኅዳር መባቻ 80 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ 90 በመቶ እንዲሞሉ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ነሐሴ ላይ የአውሮፓ የጋዝ ዋጋ በሜጋዋት-ሰዓት ከ300 ዩሮ አልፎ ነበር። ጉድጓዱን እንደምንም ሞሉት፤ የሞሉት ግን በዚያ ዋጋ ነው።

ይህን ሳስብ ከጋዝፕሮም ይልቅ የሚገርመኝ ሻጩ ነው። የምዕራብ በርሊን መሐንዲሶች ለ50 ደቂቃ ብለው አዳራሽ ሙሉ ባትሪ የደረደሩበት አገር፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ጎተራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ረስቶ ነበር። ምክንያቱ ሞኝነት አይመስለኝም። ሰላም ሲረዝም ባዶ ቦታ ይዞ መቀመጥ ኪሳራ ይመስላል። ሒሳብ ሠራተኛው የሚያየው የመጋዘኑን ወጪ ነው፤ መጋዘኑ ያስቀረው ችግር በሒሳብ መዝገብ ላይ አይጻፍም።

የሙኒክ ጠረጴዛዎች

አሁን ወደ እኔ ሰፈር እንምጣ። በ2003 የሙኒክ ከተማ አስተዳደር 14,000 ያህል ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ አብዛኞቹ ላይ የተጫነው ዊንዶውስ ኤንቲ ሲሆን ማይክሮሶፍት ድጋፉን ሊያቆምበት ነበር። ከተማዋ ሁለት ምርጫ ነበራት፦ አዲሱን ዊንዶውስ መግዛት ወይም ወደ ሊኑክስ መሄድ። የማይክሮሶፍቱ አለቃ ስቲቭ ባልመር ስዊዘርላንድ ውስጥ የነበራቸውን የበረዶ ሸርተቴ ዕረፍት አቋርጠው ከንቲባውን ክርስቲያን ኡደን ሊያነጋግሩ ሄዱ። ዋጋም ተቀነሰ። ምክር ቤቱ ግን በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ሊኑክስን መረጠ። ፕሮጀክቱም ሊሙክስ ተባለ።

አሥር ዓመት ፈጀ። በ2013 ሲጠናቀቅ ከ14,000 በላይ ማሽኖች ተቀይረው ነበር። ከተማዋ ከ10 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ቆጥቤያለሁ አለች፤ ማይክሮሶፍት ያሠራው ጥናት ደግሞ ተቃራኒውን አለ። በ2014 ዲተር ራይተር ከንቲባ ሆኑ፤ እሳቸው የማይክሮሶፍት ወዳጅ መሆናቸውን አይደብቁም ነበር። በ2016 ማይክሮሶፍት የጀርመን ዋና መሥሪያ ቤቱን ከከተማዋ ዳርቻ ወደ ሙኒክ ራሷ አዛወረ። በኅዳር 2017 ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ።

አንዳንዱ ይህን እንደ ሴራ ያወራዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። የሠራተኛው ቅሬታ እውነተኛ ነበር። ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ ሰነድ ሲከፈት ሠንጠረዡ ይዘበራረቃል፣ ገጹ ይሰበራል፤ የአይቲ ክፍሉም በየመሥሪያ ቤቱ ተበታትኖ ማን ምን እንደሚያስተካክል አይታወቅም ነበር። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ደብዳቤ ለምትጽፍ ሴትዮ ስለ ሉዓላዊነት ብንሰብክላት ምን ይፈይዳል? ፕሪንተሩ ይሥራላት።

ስለዚህ ሊብሬኦፊስ ከዎርድ ይበልጣል ወይስ ያንሳል የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። በብዙ ነገር ያንሳል። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። ከሊኑክሱ ይበልጥ ቁም ነገር የነበረው የፋይሉ ፎርማት ነው። በ2006 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የጸደቀው ኦዲኤፍ የተባለው የሰነድ ፎርማት አወቃቀሩ ለማንም ክፍት ነው፤ ማንኛውም ፕሮግራመር አንብቦ የሚከፍተው ፕሮግራም መጻፍ ይችላል። በዚህ ፎርማት ያስቀመጠ መሥሪያ ቤት ነገ ፕሮግራሙን ቢጠላው ሌላ ይጭናል፤ ሰነዱ ግን ከእሱ ጋር ይኖራል።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሙኒክ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ በኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ በብዛት የተቀመጠው እያንዳንዱ ፎንት ሠሪ ለራሱ ባወጣው ኮድ ነበር። ፎንቱ ከሌላችሁ ፋይሉ ይከፈታል፤ የሚታየው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ነው። እንዲህ ያሉ ፋይሎችን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ አውቃለሁ። ኮዱ ቀላል ነው፤ ከባዱ ጽሑፉ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ማወቅ ነው። ጽሑፉ አልጠፋም። እህሉ ጎተራው ውስጥ አለ፣ የጠፋው በሩ ነው።

ሙኒክ ብትመለስም ሐሳቡ አልሞተም። የፈረንሳይ ዣንዳርመሪ ቀስ ብሎ፣ መጀመሪያ የቢሮ ፕሮግራሙን፣ ቀጥሎ ከ2008 ጀምሮ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ቀይሮ እስከ ዛሬ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ በሊኑክስ ይሠራል። በሚያዝያ 2024 ደግሞ የሰሜን ጀርመኑ ሽሌስቪግ-ሆልሽታይን ግዛት 30,000 ያህል ኮምፒውተሮችን ወደ ሊብሬኦፊስ ለማዛወር ወሰነ። በዚህ ጊዜ ክርክሩ እንደ 2003ቱ የላይሰንስ ዋጋ ላይ ብቻ አልነበረም። ሬደንን ያየ ፖለቲከኛ «ነገ ባይሰጡንስ?» የሚለውን ጥያቄ ለመስማት ጆሮው ተከፍቷል።

ከአንድ ቀን በላይ ብቻን

ኢስቶኒያ፣ ላትቪያና ሊትዌኒያ ነፃ ከወጡ፣ የአውሮፓ ኅብረትንና ኔቶን ከተቀላቀሉ በኋላም የመብራታቸው ምት የሚቆጣጠረው ከሞስኮ ነበር። የቃሬዛው ዋና ተሸካሚ ሌላ አገር ነበር ማለት ነው። የካቲት 8 ቀን 2025 ጠዋት ከሩሲያና ከቤላሩስ መረብ ተላቀቁ። ከአንድ ቀን በላይ ሦስቱ አገሮች ብቻቸውን ቆሙ፤ በማግስቱ በፖላንድ በኩል ከአህጉረ አውሮፓ መረብ ጋር ተገናኙ።

በዚህ መሀል መብራት አልጠፋም። ሊትዌኒያ አስቀድማ በአራት ቦታ የተተከሉ፣ በድምሩ 200 ሜጋዋትና 200 ሜጋዋት-ሰዓት የሚይዙ ባትሪዎች አዘጋጅታ ነበር። ሙሉ ጉልበታቸውን ቢሰጡ የሚቆዩት አንድ ሰዓት ነው። የሽቴግሊትስ አዳራሽ 50 ደቂቃ፣ የሊትዌኒያ 60 ደቂቃ። በአርባ ዓመት ውስጥ እርሳሱ በሊቲየም ተተካ እንጂ ሥራው ያው ነው።

«ሁሉም የራሱን ያመርት፣ ከማንም አይገናኝ» ለሚል ሰው ይህ ታሪክ አይመቸውም። ምዕራብ በርሊን ደሴት መሆኗን አልወደደችውም፤ ባልቲኮችም ከአንዱ መረብ የወጡት ሌላው ውስጥ ለመግባት ነው። ብቻን መቆም ውድ ነው፣ ያደክማልም። እኔም ሁሉም መሥሪያ ቤት የራሱን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሥራ አልልም፤ ግማሹ ሥራዬ ሌሎች የጻፉትን ኮድ መጠቀም ነው። የምለው ይህን ያህል ነው፦ ከሰው ጋር የተገናኘ ሁሉ፣ ግንኙነቱ ቢቋረጥ ሌላ በር እስኪያገኝ የሚያቆየው ነገር በእጁ ይኑር። ለመብራት የአንድ ሰዓት ባትሪ፣ ለጋዝ የአንድ ክረምት ጉድጓድ፣ ለጽሑፍ ማንም የሚከፍተው ፎርማት። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባል የለ? የሰው ጎተራም ክፉ ቀን አያሳልፍም፤ ጀርመኖች ሬደን ላይ ይህን የተማሩት በ300 ዩሮ ሒሳብ ነው።