ወሬ ቀድሞ የደረሰበት መሬት

እስቲ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ ከቡራዩ ተነስቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ አምቦ ስለሚገባው መንገድ ነው፤ ይልቁንም በግራ ቀኙ ስለበቀለው ቤት። የጤፍ ማሳ የነበረው ዛሬ ብሎኬት ተደርድሮበታል። መሬቱ ያው መሬት ነው፤ የተለወጠው የሚቆጠርበት መንገድ ነው።

በዚህ መስመር የመጀመሪያውን የቦታ ግርግር ያስነሱት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ጊዜው የ1890ዎቹ መጀመሪያ ነው። አዲስ አበባ ማገዶ አጠራት፤ ዙሪያዋ ተመንጥሮ አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱም ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ኮረብታ መርጠው አዲስ ዓለም አሉት። ቤተ መንግሥት ተጀመረ፤ መንገድ ተጠረገ፤ ዋና ከተማ ሊዛወር ነው ተባለ። ግን ባሕር ዛፍ የሚባለው እንግዳ አዲስ አበባ ላይ ቶሎ ቶሎ አደገ። እዚያው ቤት የሠሩትም ድካማቸውን ጥለው መነሣቱን አልወደዱትም። አሳቡ ቀረ፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ያኔ ካርታ የለ፣ ሊዝ የለ፣ ካሬ የለ። ቢሆንም አንድ ወሬ ኮረብታን ከተማ፣ ሌላ ወሬ ደግሞ ከተማን መልሶ ኮረብታ ሲያደርግ ታየ።

አምቦ ግን ሌላ ናት። እሷን ያቆማት ውሃዋ ነው። ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረ ጊዜም ሰው ለፈውስ ወደ ፍል ውሃዋ ይጎርፍ ነበር። በ1939 የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እሱ አድጎ አድጎ በ2003 አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። መምህሩ ቤት ይከራያል፤ ሠራተኛው ይከራያል፤ ባለ ፎቶ ኮፒው ሱቅ ይከራያል። በ1987 የሕዝብ ቆጠራ 27,636 ሰው የነበረባት ከተማ በ1999 48,171 ሆና ተገኘች። ይህ ሁሉ ሰው የት ይደር? ማሳው ላይ ነዋ!

እንግዲህ ዋናው ጨዋታ እዚህ ላይ ነው። የዚህን ሽማግሌ ስም አልጠራም፤ በየከተማው ዳር እንደሳቸው ያሉ ብዙ ናቸውና። ኦቦ ብቻ እንበላቸው። አንድ ቀን አጎንብሰው ሲያርሙ ደላላ መጣ።

«ኦቦ፣ ይህ ማሳ ፕላን ውስጥ ሊገባ ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ማዘጋጃ ቤት ያለ ሰው።»

«ማዘጋጃ ቤት ያለ ሰው ስንት ሰው ነው?»

ደላላው ሳቀ፤ ግን ከነገሩ አልወጣም። «መንግሥት ሲወስደው የሚያስብልዎት በጤፍ ነው። እኔ የማመጣልዎት ሰው ግን በካሬ ያስባል።»

ደላላ ሁሌም አይዋሽም። በአዋጅ 455/1997 ገበሬ ከመሬቱ ለዘለቄታው ሲነሣ የሚከፈለው ካሣ የ5 ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። አዋጅ 1161/2011 ነገሩን አሻሻለው፤ ምትክ መሬት ካልተገኘ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 ይባዛል። ማሻሻሉስ ደግ ነበር። ግን በሁለቱም የሚሰላው ከመሬቱ የተገኘው ገቢ ነው። አጠገቡ የተዘረጋው አስፋልት፣ ማዶ ያለው ዩኒቨርሲቲ፣ የመጣው መብራት ሒሳቡ ውስጥ አይገቡም። በአዋጅ 721/2004 ደግሞ ያው መሬት ወደ ከተማ ሲዞር በሊዝ ጨረታ ይወጣል፤ ለመኖሪያ 99 ዓመት። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ነው። ለመንገድና ለቦይ የሚሄደውን ቀንሱለት፤ የቀረው በ200 ካሬ ሲቆራረስ ስንት ተጫራች እንደሚያሰልፍ እናንተው አስሉት። በጤፍና በካሬ መካከል ያለው ልዩነት የማን ነው? እኔ የገበሬው ድርሻ አነሰ ባይ ነኝ።

ኦቦም አሰሉት። መሬት መሸጥ በሕገ መንግሥቱ ክልክል ነውና ወረቀቱ ሽያጭ ነው አይልም፤ ብድር ነው ይላል፤ አለዚያም ስጦታ። ሽማግሌዎች በእማኝነት ይፈርማሉ። ገዢው አጠናና ቆርቆሮውን አዘጋጅቶ ይጠብቅና ሌሊቱን ያቆመዋል፤ ሲነጋ ቤት ነው። ጨረቃ ቤት የሚባለው እሱ ነው። ቢሮ ተቀምጦ ሕገ ወጥ ግንባታ ማለት ቀላል ነው። ኦቦ ግን ካሣው ሳይመጣ ቀድመው የራሳቸውን ካሣ ቆረጡ እንጂ ምን አደረጉ?

ነገሩ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2006 አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን የሚያያይዝ ማስተር ፕላን ሊመጣ ነው ሲባል አምቦ ተነሣች፤ ሰው ሞተ። ኅዳር 2008 ጊንጪ ላይ ተቃውሞ ሲነሣ ከመነሻዎቹ አንዱ የጭልሞ ደንና የትምህርት ቤት ኳስ ሜዳ ለባለሀብት ተሰጠ መባሉ ነበር። አገር ምድሩ ተነቃነቀ። ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ተሰረዘ። አንድ ኳስ ሜዳ፣ አንድ ደን! መሬት በወረቀት ላይ ካሬ ነው፤ መሬቱ ላይ ለሚኖረው ግን የልጁ መጫወቻና የከብቱ ጥላ ነው። ይህን ያላወቀ ፕላን አውጪ ዕዳው ብዙ ነው።

አሁን ደግሞ ወሬው ወደ ደቡብ ዞሯል። ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወጣው መንገድ ላይ ወንጪ አለላችሁ፤ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ፣ መካከሉ ደሴት፣ ደሴቱ ላይ ቂርቆስ። በ2012 ገበታ ለሀገር የተባለው ፕሮጀክት ሲታወጅ ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመረጠ፤ ሎጅም ተሠራ። ደላሎቹም ሐይቅ ወዳድ ሆኑ።

ኦቦ የሸጡት ሁሉንም አይደለም። አንዲት ጥማድ አስቀርተዋል። ልጃቸው በፊት የራሳቸው በነበረው ማሳ ላይ በግንበኝነት ተቀጥሮ ለሌላ ሰው ሰርቪስ ቤት ይሠራል። ደላላው ዛሬም ይደውላል።

«ኦቦ፣ ወንጪ እየለማ ነው እኮ! ዋጋው ገና ይጨምራል።»

«ገና የሚጨምር ከሆነ» ይሉታል፣ «ዛሬ ለምን እሸጥልሃለሁ?»