በደም የተጻፈ፣ በወጪ ስም የተሰረዘ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1963 ጠዋት ዩኤስኤስ ትሬሸር የተባለችው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ ከማሳቹሴትስ ጠረፍ ወዲያ፣ አትላንቲክ ውስጥ፣ ጥልቅ የመጥለቅ ሙከራ ላይ ነበረች። በዘመኗ ከተሠሩት ሁሉ የላቀች ነበረች። ከላይ ሆና የምታጅባት መርከብ ጥቂት የተቆራረጡ መልእክቶችን ሰማች። ከዚያ በኋላ ዝም አለች። 129 ሰዎች አብረዋት ወደ ውቅያኖሱ ወለል ወረዱ። ከእነርሱ 17ቱ ሲቪሎች ነበሩ።

መርማሪዎች የደረሱበት ዋነኛ ግምት ይህ ነው። በሞተር ክፍሉ ውስጥ የባሕር ውሃ የሚያልፍበት አንድ የቧንቧ መጋጠሚያ ለቀቀ። የተረጨው ውሃ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን አበላሸ፣ ሪአክተሩም ጠፋ። መርከቧን ወደ ላይ ሊያነሳት የሚገባው የታመቀ አየር ደግሞ በራሱ ቧንቧ ውስጥ በተጋገረ በረዶ ታፈነ።

የሚያስቆጨው ግን ከአደጋው በፊት የሆነው ነው። መርከቧ በፖርትስመዝ የመርከብ ጣቢያ ጥገና ላይ ሳለች፣ በብር ቅልቅል ከተበየዱት በሺዎች የሚቆጠሩ መጋጠሚያዎቿ መካከል 145ቱ በድምፅ ሞገድ በሚሠራ አዲስ መሣሪያ ተመርምረው ነበር። 14 በመቶ ያህሉ ከሚፈለገው ደረጃ በታች ሆነው ተገኙ። እንግዲህ የቀሩትስ? የቀሩት ሳይመረመሩ መርከቧ ወደ ባሕር ወጣች። ከመቶ አሥራ አራቱ ደካማ መሆኑ በወረቀት ላይ ሰፍሮ እያለ፣ «ይቁም» ያለ ሰው አልነበረም።

ማስረጃ የሌለው ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል

በዚያው ዓመት ባሕር ኃይሉ ሰብሴፍ የተባለውን ፕሮግራም አቋቋመ። የፕሮግራሙ ሐሳብ ለማንም የሚገባ ነው። የውሃውን ግፊት የሚቋቋም እያንዳንዱ ክፍል ከምን ብረት እንደተሠራ፣ ማን እንደበየደው፣ ማን እንደመረመረው፣ ውጤቱ ምን እንደሆነ በሰነድ መረጋገጥ አለበት። «ጥሩ አድርገን ሠርተነዋል» የሚል ቃል አይበቃም። ሰነዱ ከሌለ ብየዳው የቱንም ያህል ቢያምር መርከቧ አትጠልቅም። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1963 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከጦርነት ውጭ 16 ሰርጓጅ መርከቦችን አጥቷል። ከዚያ ወዲህ የጠፋችው አንዲት ብቻ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ከ99 ሰዎች ጋር የሰጠመችው ስኮርፒዮን። እርሷም የሰብሴፍ ማረጋገጫ አልነበራትም። ማረጋገጫውን አግኝታ የጠፋች መርከብ እስከ ዛሬ የለችም። የናሳ የጠፈር መንኮራኩር ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ2003 ተሰባብራ ስትወድቅ፣ መርማሪ ቦርዱ ለናሳ አርአያ አድርጎ ካቀረባቸው አሠራሮች አንዱ ይኸው ሰብሴፍ ነበር።

ከዚያ በፊትም ትምህርቱ ተሰጥቶ ነበር

አሜሪካ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ስትቀላቀል ሰርጓጅ መርከቦቿ ማርክ 14 የተባለ ቶርፒዶ ታጥቀው ነበር። የአንዱ ዋጋ 10,000 ዶላር ገደማ ነበር። ውድ ስለሆነ በቅጡ ሳይሞከር ወደ ጦርነት ገባ። አዛዦች «ቶርፒዶው ከዒላማው ሥር እያለፈ ነው፣ ቢመታም አይፈነዳም» እያሉ ቢጮኹም፣ የባሕር ኃይሉ የጦር መሣሪያ ቢሮ ጥፋቱን በተኳሾቹ ላይ አላከከ። እ.ኤ.አ. በጁን 1942 አድሚራል ቻርልስ ሎክዉድ በምዕራብ አውስትራሊያ የዓሣ ማጥመጃ መረብ አስዘርግቶ አስተኮሰበት። ቶርፒዶው ከተስተካከለበት ጥልቀት 3 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ሲሄድ ተገኘ።

በዓመቱ ቲኖሳ የተባለችው ሰርጓጅ አንድን ግዙፍ የጃፓን መርከብ በቶርፒዶ ደበደበች። አብዛኞቹ መቱ፣ ግን አልፈነዱም። አዛዡ የመጨረሻዋን ቶርፒዶ ሳይተኩስ ለምርመራ ይዟት ተመለሰ። ችግሮቹ ተለይተው የታረሙት ጦርነቱ ሁለት ዓመት ሊደፍን ሲቃረብ ነው። በሙከራ የዳነው ገንዘብ በባሕር ላይ ከነወለዱ ተከፈለ።

የስታንዳርዶቹ ዘመን

ፔንታጎን ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው ውድቀቶች የተማረውን ወደ ሕግ ለወጠው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሚል-ኪው-9858 የተባለው የጥራት ስታንዳርድ ወጣ። ከዚያ በፊት ልማዱ ያለቀውን ዕቃ መመርመር ነበር። አዲሱ ስታንዳርድ ግን ጥራትን ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚመራ ሥርዓት እንዲኖር ፋብሪካውን አስገደደ። በ1970ዎቹ ደግሞ ሚል-ስታንዳርድ-1528 ተከተለ። ይህኛው የማምረቱን ሥራ አመራር የሚመለከት ነው። ጥያቄውም ቀጥተኛ ነበር፦ በወረቀት ላይ ያማረው ንድፍ በፋብሪካ ውስጥ በተባለው ቁጥር፣ በተባለው ጊዜና በተባለው ጥራት በእርግጥ ሊመረት ይችላል ወይ?

የዚህ ወታደራዊ ሐሳብ ልጆች ዛሬ በየቤታችን አሉ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣችው ቢኤስ 5750 ከዚሁ ወገን ነው። ከእርሱም በ1987 አይሶ 9000 ተወለደ። ዛሬ የአዲስ አበባ ፋብሪካዎች በማስታወቂያቸው ላይ የሚያሰፍሩት «አይሶ 9001» የዘር ሐረጉ ሲቆጠር ከጥይትና ከሚሳይል ማምረቻ ይደርሳል።

መጥረቢያው

የቀዝቃዛው ጦርነት አበቃ፣ በጀት ተቆረጠ። ወታደራዊ ስታንዳርዶችም መሳለቂያ ሆኑ። መሳለቂያ የሚያደርግ ምክንያትም ነበር። ለወታደሩ የሚቀርብ የፍራፍሬ ኬክ እንዴት እንደሚጋገር የሚደነግግ 18 ገጽ ሰነድ እስከ መኖር ተደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 1994 የመከላከያ ሚኒስትሩ ዊሊያም ፔሪ አንድ ማስታወሻ ፈረሙ። ከእንግዲህ የንግዱ ዓለም ስታንዳርዶች ይቅደሙ፤ ወታደራዊውን የሚፈልግ ልዩ ፈቃድ ያምጣ የሚል ነበር።

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ችግሩ መጥረቢያው ኬኩንና ሚሳይሉን አለመለየቱ ነው። የማምረት አመራር ስታንዳርዱ በ1995 ተሰረዘ። ሚል-ኪው-9858 በ1996 ተከተለ። ኩባንያዎች ገበያው ራሱ ጥራትን ይጠብቃል ተብሎ ታመኑ። ልብ በሉ፣ ሰብሴፍን ግን ማንም አልነካም። 129 ሰዎች የከፈሉበትን ሰነድ «ወጪ ነው» ብሎ ለመሰረዝ የደፈረ አልነበረም። የሌሎቹ ሟቾች ግን በሰነዶቻቸው ላይ ስማቸው አልተጻፈም።

ከዚያ የሆነው የሚጠበቀው ነው። ኤፍ-35 የተባለው ተዋጊ ጄት የበረራ ሙከራው ገና ሳይጋመስ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ምርት ገባ። ሙከራው ጉድለት ባወጣ ቁጥር አስቀድመው የተሠሩት አውሮፕላኖች እንደገና እየተፈቱ መስተካከል ነበረባቸው። በ2012 የፔንታጎን የግዢ ኃላፊ ፍራንክ ኬንዳል ራሳቸው ውሳኔውን ከሙያ ጥፋት ቆጠሩት። በዚህ መሐል አንድ ፋብሪካ ለማምረት ያለውን ዝግጁነት ከ1 እስከ 10 የሚለካ ሚዛን ተዘጋጀ። በ2014 ደግሞ ኤኤስ 6500 የተባለ አዲስ የማምረት አመራር ስታንዳርድ ወጣ። የማምረት ሥጋቶችን አስቀድሞ ለይ፣ ወሳኝ የሆኑትን ልኬቶች ተቆጣጠር፣ አቅራቢዎችህን አስተዳድር ይላል። በ1995 የተጣለው ዕውቀት ከ19 ዓመት በኋላ በሌላ ስም ተመልሶ ተጻፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

አራቱ ብሎኖች

በሲቪሉ ዘርፍ ያለው አቻ ስታንዳርድ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ኤኤስ 9100 ነው። ካዘጋጁት ግዙፍ ኩባንያዎች መካከል ቦይንግ አንዱ ነው። ታዲያ ስታንዳርድ ማርቀቅና በስታንዳርድ መሥራት የተለያዩ መሆናቸው ጃንዋሪ 5 ቀን 2024 በሰማይ ላይ ታየ። የአላስካ አየር መንገድ ንብረት የሆነ 737 ማክስ 9 ከፖርትላንድ ተነስቶ 4,500 ሜትር ገደማ ላይ ሳለ፣ የበር ቦታ የሚደፍነው የጎኑ ክፍል ተገንጥሎ ወደቀ። 177 ሰዎች ተሳፍረው ነበር። እንደ ተአምር ማንም አልሞተም።

ምርመራው የደረሰበት ነገር ትሬሸርን ያስታውሳል። አጠገቡ የነበሩ የተበላሹ ምስማሮችን ለመጠገን ሠራተኞች ያንን ክፍል ፋብሪካው ውስጥ ከፍተውት ነበር። መልሰው ሲዘጉት የሚይዙትን አራት ብሎኖች አላሰሩም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ክፍሉ መከፈቱን የሚናገር ሰነድ አለመኖሩ ነው። መከፈቱ ስላልተመዘገበ መዘጋቱን ሄዶ የሚመረምር አልነበረም። የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ከዚያ በኋላ ባደረገው ፍተሻ በቦይንግም፣ የአውሮፕላኑን አካል ይሠራለት በነበረው ስፒሪት ኤሮሲስተምስም በማምረት ሂደት ቁጥጥርና በዕቃ አያያዝ ላይ ጥሰቶችን አገኘ።

ከቢሾፍቱ ሲታይ

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎችን ይዞ የተከሰከሰው ኢቲ 302 የዚያው 737 ማክስ ቤተሰብ አባል ነበር። በአንድ ሴንሰር ቃል ብቻ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፍቀው ሶፍትዌር የንድፍ ጥፋት መሆኑ ዛሬ አያከራክርም። የሚያከራክረው ሴንሰሩ ለምን ተሳሳተ የሚለው ነው። የኢትዮጵያ አደጋ መርማሪ ቢሮ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ምክንያቱን ከፋብሪካ ከመጣ የኤሌክትሪክ ጉድለት ጋር አያይዞታል። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ አልተስማማም። ሴንሰሩን የጎዳው ከውጭ የመጣ ነገር፣ ምናልባትም ወፍ ነው አለ።

ክርክሩን የሚያውቀው ያውቀዋል። የማይካድ አንድ ነገር ግን አለ። በሬንተን የ737 ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ኤድ ፒርሰን እ.ኤ.አ. በጁን 2018፣ ማለትም ከላየን ኤር አደጋ አራት ወራት፣ ከኢቲ 302 ዘጠኝ ወራት በፊት ለአለቆቹ ጽፎ ነበር። ሠራተኛው ደክሟል፣ ሥራው ተዘበራርቋል፣ ምርቱ ለጊዜው ይቁም አለ። ምርቱ አልቆመም። በ2019 ማብቂያ ለአሜሪካ ኮንግረስ ቀርቦ የመሰከረው 346 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኖቬምበር 2023 በዱባይ 20 ተጨማሪ 737 ማክስ አውሮፕላኖችን ለመግዛት ተስማምቷል። ገዢ መሆን ደግሞ መብት ይሰጣል። ገዢ ዋጋና ማስረከቢያ ቀን ብቻ አይጠይቅም። ይህ ክፍል ስንት ጊዜ ተከፈተ? ማን ዘጋው? ማን መረመረው? ሰነዱ የት አለ? ብሎ የመጠየቅ ሥልጣን አለው።

የስልሳ ዓመቱ ታሪክ የሚያስተምረው ይህንን ነው። በፖርትስመዝ ስታንዳርድ ነበረ። በሬንተንም ነበረ። በሁለቱም ቦታ ጉድለቱን ያየ ወይም ማየት የነበረበት ሰው ነበረ። የጎደለው በአንዱ ሥራውን የሚያስቆም ሥልጣን፣ በሌላው ለመጠየቅ የሚያስችል ሰነድ ነው። ሁለቱ በሌሉበት ስታንዳርድ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የምስክር ወረቀት ነው። የምስክር ወረቀት ደግሞ ብሎን አያስርም።