ግመል የበዛበት መንገድ

ሥራዬ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ለቢሮና ለካፌ ኔትወርክ መዘርጋት ነው። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፤ «ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ሽቦ ሲጠቀም እንዴት አይምታታም?» ይሉኛል። ያን ጊዜ ከአፋር በረሃ አሞሌ ጨው በግመል ይጭን የነበረውን አያቴን አነሳላቸዋለሁ።

ከተማችን ያለችበት የይፋት ቆላ ጥንትም መተላለፊያ ነበር። ከዘይላና ከታጁራ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ በረሃውን አቋርጦ አልዩ አምባ ይደርሳል። ወደ ላይ ጨውና ጨርቅ ይወጣል፤ ወደ ታች ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል፤ ሰውም እየተሸጠ ይወርድ ነበር። ግመል የአንኮበርን አቀበት ስለማይደፍር ጭነቱ አልዩ አምባ ላይ ይራገፍና በአህያና በበቅሎ ይቀጥላል። ግመል ነጂው የደጋውን መንገድ ባያውቅም ግድ የለውም፤ ለቀጣዩ ማስረከብ ይበቃዋል። የራውተርም ሥራ ይኸው ነው፤ ጭነቱ ላይ የተጻፈውን የአይፒ አድራሻ ያይና ወደሚቀጥለው ጣቢያ ያሳልፋል። ነጋዴው ቀረጥ የሚከፍልበት ኬላም አልቀረም፤ ማን ይለፍ፣ ማን ይመለስ የሚለውን ዛሬ የሚወስነው ፋየርዎል ነው።

ስልክ ሲመጣ ነገሩ ሌላ ሆነ። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ያን መሰሉን ሽቦ ሁለት ሰዎች ከያዙት፣ እስኪጨርሱ ድረስ የእነሱ ብቻ ነው። ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ጋር የስልክ ቀጠሮ ይዘን ስንሄድ «መስመር ተይዟል» እየተባልን አግዳሚ ላይ እንጠብቅ ነበር። ያውሩም ዝም ይበሉ፣ ሽቦው እንደ ተያዘ ነው።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ፖል ባራንና ብሪታንያዊው ዶናልድ ዴቪስ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ ሌላ መላ አገኙ፦ መልእክቱን ቆራርጦ፣ ለየቁራሹ አድራሻና ተራ ቁጥር ሰጥቶ መላክ። ቁራሹ ፓኬት ተባለ። በ1969 እ.ኤ.አ. የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው አርፓኔት በዚሁ መንገድ ሥራ ጀመረ፤ ኢንተርኔትም በ1989 ዓ.ም. አገራችን ገባ። እኔ እንደማየው ኢንተርኔት ከስልኩ ይልቅ ለግመሉ ይቀርባል። የእርስዎ ፎቶና የጎረቤትዎ ደብዳቤ እንደ ሁለት ነጋዴዎች ጭነት በአንድ መንገድ ተቀላቅለው ይጓዛሉ፤ በየጭነቱ ላይ ምልክት ስላለ አንዱ የሌላው ቤት አይራገፍም። ተቀባዩ ኮምፒውተር ቁራሾቹን በተራ ቁጥራቸው ይገጣጥማቸዋል።

ልዩነቱ ጭነት የጠፋ ዕለት ነው። የአያቴ ግመል ገደል ከገባ ጨውም አብሮ ቀረ። ላኪው ኮምፒውተር ግን «ደርሶኛል» የሚል መልስ እስኪመጣለት ቅጂውን አይለቅም፤ መልሱ ከዘገየበት እንደገና ይልካል።

ዛሬም ማታ ማታ ኔት ሲንቀረፈፍ ደንበኞቼ ይደውሉና «መስመሩ ተይዟል መሰለኝ» ይላሉ።

«አልተያዘም» እላቸዋለሁ፤ «መንገዱ ላይ ግመል በዝቶ ነው።»